ፓራፋንጎ ለማን ነው? ከጋፋት ሠረገላ እስከ ጋይንት ላንድክሩዘር

መኪና ላይ ካለው ዕቃ አብዛኛው የሚገጠመው ለባለመኪናው ነው። ሞተሩ እሱን ይወስደዋል፣ ባሌስትራው ወገቡን ያሳርፍለታል፣ መስታወቱ ብርዱን ይከለክልለታል። ፓራፋንጎ ግን ግማሹ የሌላ ሰው ነው። ጎማው ከመሬት የሚያነሣውን ጭቃና ጠጠር ሲመክት በሩን ያድናል፤ መንገድ ዳር የሚሄደውን እግረኛም ያድናል። ስሙን ከጣሊያንኛ ወርሰነዋል። «ፓራ» የሚከላከል፣ «ፋንጎ» ደግሞ ጭቃ ነው። ጭቃ መካች ማለት ነው እንግዲህ። ከጎማ፣ ከቸርኬ፣ ከፍሬን፣ ከፍሪሲዮንና ከፍሬቻ ጋር አብሮ የገባ ቃል ነው።

የዚህ ቻናል ተከታታዮች ከሆኑ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ልጆች በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ አለ። መኪናቸውን ከፍ አስደርገዋል፤ ባሌስትራ አስጨምረዋል፤ 33 ኢንች ጎማ አስገብተዋል። አሁን ጎማው የፋብሪካውን ፓራፋንጎ እየነካ አስቸግሯቸዋል። አስቆርጠው ሌላ ሊያስገጥሙ ነው። «የትኛው ይሻላል? ብረቱ፣ ፋይበሩ፣ ወይስ ፕላስቲኩ? ሰፊው ወይስ ጎማውን ገልጦ የሚያሳየው?» ይላሉ።

መልስ አለኝ፤ ነገር ግን መልሱ ከሱቅ አይጀምርም። በዚያ አገር የጎማ ታሪክ መንገዱን ማን ሠራው፣ ጭቃውንስ ማን ጠጣው የሚል ታሪክ ነው። እሱን ሳያዩ ፓራፋንጎ የሚመርጥ ሰው የሚመርጠው ፎቶ አይቶ ነው። ስለዚህ ትንሽ ወደ ኋላ ልውሰዳችሁ።

መሬቱ ለሠረገላው ሲገብር

በጋይንት ምድር ከባድ ነገር በጎማ የሄደበትን የመጀመሪያውን ትልቅ ጉዞ ብዙዎቻችን የምናውቀው በመድፉ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን አስቀምጠው መድፍ ያስቀልጡ ነበር። ከባለሙያዎቹ አንዱ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር በኋላ ታሪኩን ጽፎታል። ትልቁ መድፍ ሴባስቶፖል ወደ 7 ቶን ይመዝናል። በበቅሎ አይጫን፣ በሰው ትከሻ አይነሣ። ስለዚህ ሠረገላ ተሠራለት።

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ ከዘመቻነቱ ይልቅ የመንገድ ሥራነቱ ያመዝናል። በጋይንት አድርገው፣ ጨጨሆን ወጥተው፣ ዋድላን አቋርጠው፣ የጂዳን ገደል ወርደው ወጥተው፣ በደላንታ አልፈው በሺሎን ተሻግረው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። አምስት ወር ተኩል ገደማ ፈጀባቸው። በቅሎ የያዘ መንገደኛ ግን በቀናት የሚጨርሰው ርቀት ነው።

ያን ያህል ጊዜ የበላው ሠረገላው ነው። እግርና ኮቴ ያለው መንገድ አይጠይቅም፤ ድንጋይ ካለ ይዘልላል፣ ገደል ካለ ይዞራል። ጎማ ግን ጠያቂ ነው። ድንጋዩ ይነሣልኝ፣ ጉብታው ይናድልኝ፣ ገደሉ ይጠረብልኝ ይላል። ቴዎድሮስ ሠረገላውን ለመሬቱ ማስማማት ስላልቻሉ መሬቱን ለሠረገላው አስማሙት። አለቱ በባሩድ ተሰበረ፤ ዛፉ ተቆረጠ፤ ዳገቱ ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ገመድ ይዘው ጎተቱ። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ እንደነበር አብረው የነበሩት አውሮፓውያን እስረኞች መስክረዋል። ያ መንገድ እንዴት ያለ ሥራ እንደነበር ጠላት ሳይቀር አደነቀው። ከባሕር ዳርቻ የመጣው የእንግሊዝ ጦር የጂዳን ገደል የወረደው ንጉሡ ባስጠረቡት መንገድ ነው።

መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ። ምስሉ ደግሞ አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። ድንጋዩን ለፈለጡት፣ ገመዱን ለጎተቱት ወታደሮችና ጓዙን ለተከተለው ሕዝብ ግን ሐውልት የለም። ቤጌምድርም በዚያ ዘመን በንጉሡና በሸፈተው ሕዝብ መካከል ተቃጥሎ፣ ተዘርፎ የነበረ አገር ነው። ጎማ ወደዚያ ምድር ሲገባ የገባው እንዲህ ነው። የሚያልፍበት ሰው ሁሉ ዋጋ ከፍሎለታል።

ጭቃ መካቹ ከየት መጣ?

አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. በምኒልክ ዘመን ነው። በዚያን ጊዜ ከነበሩት መኪኖች አብዛኞቹ ከጎማቸው በላይ እንደ ክንፍ የተዘረጋ ፓራፋንጎ ነበራቸው። ምክንያቱም የአውሮፓና የአሜሪካ መንገድም ያኔ ጭቃና የፈረስ ፋንድያ ነበር። ጎማው ያንን አንሥቶ በተሳፋሪውና በመንገደኛው ላይ እንዳይረጨው መከለል ግድ ሆነ። ፓራፋንጎ ከመጀመሪያው ለውበት አልተፈጠረም። መንገዱ አስፋልት ሲሆን ነው ቀስ በቀስ ከመኪናው አካል ጋር እየተዋሃደ፣ እየለሰለሰ የሄደው። ጭቃ የሌለበት አገር ጭቃ መካቹን እየረሳው ሄደ ማለት ይቻላል።

ጭቃ ያለበት ሥራ ግን አልረሳውም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1941 የወጣው ጂፕ ፓራፋንጎው ጠፍጣፋ ላሜራ ነበር። ለማምረት ቀላል ነው፤ ከተጎዳ ተነቅሎ ይቀየራል፤ ወታደርም ምግቡን ያስቀምጥበታል። እ.ኤ.አ. በ1948 ላንድሮቨር ሲመጣ እንግሊዝ አገር ብረት በራሽን ነበርና አካሉን በአሉሚኒየም ሠሩት። የፊት ፓራፋንጎው በቡሎን የሚታሰር፣ ጠፍጣፋ ነገር ነው። ቀጥሎ የቶዮታ ላንድክሩዘር መጣ፤ እሱ ብረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የተጀመረው 70 የሚባለው ትውልድ፣ እኛ «ሃርድቶፕ» የምንለውን ጨምሮ፣ እስከ ዛሬ እየተመረተ ነው። በእነዚህ መኪኖች ሁሉ ላይ ፓራፋንጎው ጎማውን ከላይ እስከ ጠርዙ ሸፍኖ ታገኙታላችሁ። የሠሯቸው ሰዎች ጭቃ ያውቁ ነበር።

ቃሉን ያመጣው ጣሊያን ግን ወደ ደቡብ ጎንደር የመጣው ጭቃ ሊመክት አልነበረም። ደብረ ታቦር ላይ ምሽግ ይዞ ተቀመጠና በ1933 ዓ.ም. ክረምት እጁን ሰጠ። ከሞጣ ወደ እስቴ ወገን በሚያሻግረው የዐባይ ድልድይ ላይ የሆነውንም ታውቁታላችሁ። በፋሲለደስ ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት ያ የድንጋይ ድልድይ በወረራው ጊዜ ተሰበረ፤ ስሙም «ሰባራ ድልድይ» ሆኖ ቀረ። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ሰው ገመድ ጨብጦ፣ በሌሎች ጉልበት እየተጎተተ ወዲያና ወዲህ ይል ነበር። የእስቴ ሰው መንገድ በረከት ብቻ እንዳልሆነ የተማረው እዚያ ነው። ድልድይ ገበያተኛን ያሻግራል፤ ጦርንም ያሻግራል።

የቻይና መንገድ

ኢትዮጵያና ቻይና ግንኙነት የጀመሩት በ1963 ዓ.ም. ነው። በ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ቤጂንግ ሄደው ከማኦ ጋር ተገናኙ፤ የብድርና የቴክኒክ ስምምነትም ተፈረመ። ከስምምነቱ ከወጡት ሥራዎች ትልቁ ወረታን ከወልድያ የሚያገናኘው መንገድ ነው። ንጉሡ ግን አላዩትም። ሥራው የተሠራው በደርግ ጊዜ ነው። ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ ከፎገራ ሜዳ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በጉና ጥግ፣ በንፋስ መውጫ፣ በጨጨሆና በጋሸና አልፎ ወልድያ ይወርዳል። ሰዉ እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» ይለዋል።

ካርታ ላይ ስታዩት የሚገርም ነገር አለ። ከደብረ ታቦር እስከ ዋድላ ድረስ መንገዱ በግርድፉ የቴዎድሮስን ሸንተረር ይዞ ይሄዳል። መሐንዲሱም ንጉሡም አንድ ነገር አይተዋል። ከጉና በስተምሥራቅ ያለው አገር በሁለቱም ወገን ገደል ነው። በሰሜን የተከዜ ገባሮች፣ በደቡብ የዐባይና የበሺሎ ገባሮች ቆርጠውታል። ጎማ ሊሄድበት የሚችለው በመካከል ያለው ጀርባ ብቻ ነው።

መንገዱ መጀመሪያ ጠጠር ነበር፤ በኋላ አስፋልት ለበሰ። ንፋስ መውጫ ከተማ ሆነች። ድንችና ገብስ ወጣ፤ ጨውና ዘይት ገባ። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ደግሞ ጦርነቱ ይህንኑ መንገድ ይዞ ንፋስ መውጫ ደረሰ። የዚያን ወር ጠባሳ ለጋይንት ሰው እኔ አልነግረውም።

ከዋናው መንገድ ስትወጡ ግን ያው የጥንቱ አገር ነው። ወደ ታች ጋይንት፣ ወደ ስማዳ ቆላ፣ ወደ እስቴ ገጠር ቀበሌዎች የሚወርዱት መንገዶች በበጋ አቧራና ድንጋይ፣ በክረምት ዋልካ ናቸው። ዋልካ አፈር ደግሞ እንደ ሞኝና ወረቀት ነው፤ የያዘውን አይለቅም። ጎማ ላይ ይጠቀለላል፣ ከፓራፋንጎው ሥር ይታጨቃል፣ ከዚያም መሪ አላዞርም ይላል። መኪና ከፍ የማድረጉ ነገር የመጣው ከዚህ ነው። ቴዎድሮስ መሬቱን ለሠረገላው አስማሙ፤ የዛሬው ባለመኪና መኪናውን ለመሬቱ ያስማማል። አልፈርድበትም። መሬቱን ለመኪናው የሚያስማማ መንገድ ሠሪ ካልመጣ ምን ያድርግ?

መንገዱን የሠራው ማን ነው?

ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ። እነዚያን የገጠር መንገዶች የሠራቸው በአብዛኛው ዶዘር አይደለም። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ድርቅ ደጋግሞ የሚጎበኛቸው ወረዳዎች ናቸው። በ1997 ዓ.ም. ሴፍቲኔት ሲጀመር ከተካተቱት መካከል ናቸው። የሴፍቲኔት አሠራሩን ታውቃላችሁ። ጉልበት ያለው ሰው በማኅበረሰብ ሥራ ላይ ይሰለፋል፤ እርከን ይሠራል፣ ኩሬ ይቆፍራል፣ የቀበሌ መንገድ ይጠርጋል። በምትኩ እህል ወይም ጥቂት ብር ያገኛል። ከዚያ በፊትም በየድርቁ «ሥራ ለምግብ» ነበር።

እንግዲህ ዛሬ 33 ኢንች ጎማ የሚሽከረከርበት የገጠር መንገድ የተቆፈረው በዶማ ነው። የቆፈረው እህል ያጠረበት ሰው ነው። የቆፈረችው ድንጋይ በጀርባዋ ያመላለሰች ሴት ናት። እነዚህ ሰዎች መኪና የላቸውም። በሠሩት መንገድ ላይ አሁንም በእግራቸው ነው የሚሄዱት። ሐሙስ ወይም ቅዳሜ ገበያ ሲወጡ፣ ለቅሶ ሲደርሱ፣ ወደ ጨጨሆ መድኃኔ ዓለም ነጠላቸውን ነጭ አድርገው ሲጓዙ መንገድ ዳር የምታዩአቸው እነሱ ናቸው።

መንገዱ ለእነሱም ጠቅሟቸዋል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ቀድሞ ወላድ ስትታመም በቃሬዛ ነበር። አንድ መንደር ወንድ እየተፈራረቀ በሌሊት ዳገት ይወጣል። ዛሬም መኪና የማይወርድበት ቀበሌ ቃሬዛው አልቀረም። መኪናው በሚደርስበት ግን አምቡላንስ ይመጣል፤ አብዛኛውን ጊዜም ያው ላንድክሩዘር ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የተጀመረው የፈንጣጣ ማጥፊያ ዘመቻ ሠራተኞች መኪናቸውን መንገዱ ያለቀበት እያቆሙ በእግርና በበቅሎ መሄድ ግድ ነበረባቸው። ዛሬ ያ «መንገዱ ያለቀበት» ወደ ውስጥ ተገፍቷል። የገፋው የቀበሌው ሰው ጉልበት ነው።

ስለዚህ በክረምት በጋይንት መንገድ ላይ መኪና ሲያልፍና እግረኛውን ጭቃ ሲያለብሰው የሚሆነው ነገር ተራ ነውር ብቻ አይደለም። መንገዱን የሠራው ሰው በሠራው መንገድ ጭቃ ተለቀለቀ ማለት ነው። ከእንግዳ ባለመኪና ሲመጣ ያናድዳል። ከአገር ልጅ ሲመጣ ያሳፍራል።

ጎማ ገልጦ ማሳየት የማን ፋሽን ነው?

አሁን በስልካችን የምናየው ፓራፋንጎ፣ ጠባብና ወደ ላይ የተሰቀለ፣ ጎማውን ግማሹን ገልጦ የሚያሳይ፣ አንዳንዴም ከቧንቧ ብረት ብቻ የተበየደ፣ የተወለደው በሌላ አገር ነው። በአሜሪካ ምዕራብ አለት ለአለት የሚወጡ ሰዎች፣ በዓረብ በረሃ አሸዋ ላይ የሚሮጡ ሰዎች ለራሳቸው ችግር ያገኙት መፍትሔ ነው። እዚያ አለቱ ፓራፋንጎውን ይጎዳል፤ ስለዚህ ፓራፋንጎውን ከአለቱ ማራቅ ልክ ነው። እዚያ ደግሞ መንገድ ዳር የሚሄድ ሰው የለም። አሸዋ ቢረጭ የሚወርደው አሸዋ ላይ ነው።

ጋይንት ላይ ግን ሰው የሌለበት መታጠፊያ የለም። ልጅ ከትምህርት ቤት ይመለሳል፣ አህያ ጭነት ይዛ ትሄዳለች፣ ቄሱ ጥላቸውን ዘርግተው ይወርዳሉ። ሰው በሌለበት ምድር የተፈጠረን ፋሽን ሰው በሞላበት ምድር እንዳለ መገልበጥ ልክ ያልሆነው ለዚህ ነው።

ታዲያ የትኛውን ልምረጥ?

የጠየቃችሁኝን ልመልስ።

አንደኛ፣ መጀመሪያ የጎማውን ሒሳብ ሥሩ። ጎማው በቁመት 5 ሴንቲ ሜትር ቢጨምር ዲፈረንሻሉ ከመሬት የሚነሣው 2.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ቀሪው 2.5 ወደ ላይ፣ ወደ ፓራፋንጎው ይሄዳል። ባሌስትራ ማስጨመር ደግሞ የመኪናውን አካል ከጎማው ያርቀዋል እንጂ ዲፈረንሻሉን አያነሣም። ብዙ ሰው ይህን ሳይለይ ከሚያስፈልገው በላይ ትልቅ ጎማ ይገዛና ከዚያ ፓራፋንጎውን ማስቆረጥ ይጀምራል። ለዋልካና ለድንጋይ የሚበቃችሁ ጎማ ከፋብሪካው ፓራፋንጎ ሥር የሚገባ ከሆነ አትንኩት። ከሁሉ የሚረክሰውና የሚበረታው ፓራፋንጎ መኪናው ይዞት የመጣው ነው።

ሁለተኛ፣ ክፍተቱን ሜዳ ላይ ቆሞ አትለኩ። አንዱን ጎማ በክሪክ ወይም በድንጋይ ከፍ አድርጉ፤ ሌላው ይንጠልጠል። መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ ከዚያም ወደ ቀኝ አዙሩ። ጎማው የሚነካው አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ሳይሆን በፊተኛው ፓራፋንጎ የኋላ ጠርዝ፣ በበሩ በኩል ነው። በዚያ ላይ ለጭቃው ቦታ ተውለት። ሜዳ ላይ በጣት የሚያልፍ ክፍተት ሐምሌ ላይ በዋልካ ይሞላል።

ሦስተኛ፣ ስፋቱ ጎማውን ይሸፍን። ከመኪናው ጎን ቆማችሁ ከላይ ወደ ታች ስትመለከቱ የጎማው ጥርስ ከፓራፋንጎው ጠርዝ ውጭ መታየት የለበትም። ወጣ ያለችው ያቺ ቀጭን መስመር ናት ጭቃውን ወደ ጎን የምትወረውረው። ለእናንተም ጠላት ናት፤ መስተዋታችሁንና የጎን መስኮታችሁን የምታለብስ እሷ ናት። ወደ ውጭ የሚወጣ ቸርኬ ገዝታችሁ ከሆነ ይህንን የሚያህል ቅጥያ ግዴታ ነው። በተቃራኒው ከጎማው በጣም አልፎ የሚሄድ ሰፊ ቅጥያ ደግሞ በጠባብ መንገድ ላይ አለት ይነካል፤ ጭነት የያዘች በቅሎንም ይገፋል። ልኩ ጎማውን መሸፈን ነው፤ ከዚያ በላይ ትርፍ ነው።

አራተኛ፣ ማቴሪያሉን ስትመርጡ ማን እንደሚጠግነው አስቡ። ላሜራ ከባድ ነው፤ ቀዳዳ በተበሳበትና ቀለሙ በተላጠበት ይዝጋል። ነገር ግን ቢጨረመት ባትላሜራው በመዶሻ ያወጣዋል፤ ቢቀደድ ይበየዳል። አሉሚኒየም ቀላል ነው፤ እንደ ብረት አይዝግም። ብረት ላይ በቀጥታ ሲታሰርና እርጥብ ጭቃ ሲገባበት ግን መጋጠሚያው ላይ ይበላል፤ ስለዚህ መካከሉ ላይ ላስቲክ ይፈልጋል። ብየዳውም ሁሉ ሰው የሚሠራው አይደለም። ፋይበር ርካሽ ነው፤ በንዝረት ይሰነጠቃል፤ ቢሆንም ይለጠፋል። ጥሩ ፕላስቲክ ቢገፋ ይመለሳል፤ የደጋ ፀሐይ ግን ያደርቀዋል፣ ከዓመታት በኋላም ይሰባበራል። ለከተማና ለአስፋልት ፕላስቲኩ ይበቃል። ንፋስ መውጫ ወይም ወገዳ ላይ ለሚሠራ መኪና እኔ ላሜራ እመርጣለሁ። ምክንያቴ አንድ ነው፤ መዶሻና ብየዳ በየትም ይገኛል።

አምስተኛ፣ ውስጡን በእጃችሁ ዳስሱት። ጭቃ የሚያርፍበት መደርደሪያ፣ ጠርዝ፣ ጥግ ያለው ፓራፋንጎ ዋልካን ሰብስቦ ያስቀምጣል፤ ዋልካውም እርጥበቱን ይዞ ላሜራውን ከውስጥ ይበላዋል። ውስጡ ለስላሳ፣ ውኃ የሚወርድበት፣ በዱላ የሚጠረግ ይሁን። የተቆረጠውን የፋብሪካ ላሜራ ጠርዝ ሳይቀባ እንዳይሸፍኑባችሁ ቆማችሁ አስቀቡ። በማጣበቂያ ሳይሆን በቡሎን ይታሰር፤ ቡሎኑም ደብረ ታቦር ላይ የሚገኝ ልክ ይሁን።

ስድስተኛ፣ ፍሬቻው የት እንደሚገባ ጠይቁ። በብዙ መኪኖች የጎን ፍሬቻው ፓራፋንጎው ላይ ነው። ቆርጠው ይጥሉትና «በኋላ እንገጥመዋለን» ይሏችኋል። በጉና ጭጋግ ውስጥ ያ ፍሬቻ የሰው ሕይወት ነው። ከጎማው ኋላ የሚንጠለጠለውንም ላስቲክ መልሱት። መኪናው ከፍ ሲል ላስቲኩ ከመሬት ይርቃል፤ ረዘም ያለ ቀይሩለት።

ዋጋው ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያለን አሮጌ ላንድክሩዘር እንደ ቅርስ ሆኗል፤ መለዋወጫውም እንደዚያው። ነገር ግን ይህ ራሱ በጥንቃቄ ለመቁረጥ ምክንያት ነው። ዛሬ በመጋዝ የምትቆርጡትን የፋብሪካ ፓራፋንጎ ነገ ሶማሌ ተራ ብትዞሩ በቀላሉ አታገኙትም። ከቆረጣችሁም ቁራጩን አትጣሉት።

«ቀስ ብዬ ነው የምነዳው» የሚለኝም አለ። ጥሩ ነው፤ ከሁሉ የሚበልጠው ፓራፋንጎ ቀስ ማለት ነው። ግን ዋልካ ላይ ቀስ ማለት የማይቻልበት ጊዜ እንዳለ ነጂ ሁሉ ያውቃል። ዳገት ላይ ፍጥነት ከለቀቅህ ትቆማለህ፤ ከቆምክ ትሰምጣለህ። ሞተሩን አስጩኸህ መውጣት አለብህ። ጎማው በጣም የሚወረውረው ያኔ ነው፤ እግረኛውም ዳር ይዞ፣ የሚሸሽበት አጥቶ የሚቆመው እዚያው ጠባቡ ዳገት ላይ ነው። ፓራፋንጎ የሚያስፈልገው ለዚያች ደቂቃ ነው።

እንግዲህ ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ሙከራ አድርጉ። የመረጣችሁትን ለሙከራ አስገጥሙና ቁልፉን ለጓደኛችሁ ስጡት። ነጭ ልብስ ልበሱ። ውኃ የቋጠረ ጉድጓድ ካለበት መንገድ ዳር ሁለት እርምጃ ራቅ ብላችሁ ቁሙና በመኪናችሁ እንዲያልፍባችሁ አድርጉ። ልብሳችሁን አይታችሁ ወስኑ።

ቸር ሰንብቱ።